ሎክ የሌለው ስልክ፣ ባለቤት የሌለው አጥር

ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ ብቅ የሚለው የአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ አርማ ነው። ቦታው መገናኛ፣ ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ከቁም ሣጥን እምብዛም የማትሰፋ የጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። በዚህ አካባቢ አንድም ደንበኛ የሌለው ኩባንያ ስሙን በትልቁ አብርቶ ይጠፋል። ቀጥሎ የኢትዮ ቴሌኮም ሲግናል ይገባል።

ጠጋኙ ይህን አርማ ማየት ከለመደ ቆይቷል። «የዘመድ ስልክ» ይለዋል። አሜሪካ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ በሰው ሻንጣ፣ ከሽቶና ከቫይታሚን ብልቃጥ ጋር በካልሲ ተጠቅልሎ የመጣ ስልክ ማለቱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረንጦ፣ ስስ ብሎን መፍቻዎችና ጀርባቸው የተገለጠ አራት ስልኮች አሉ። አንዷ ጥግ ላይ ፌስታል ለብሳ የምትሠራ አሮጌ ላፕቶፕ አለች።

ባለስልኳ በአንድ የውጭ ድርጅት የምትሠራ ወጣት ናት። አክስቷ ለራሷ አዲስ ስትገዛ የቀድሞውን ላከችላት። ስክሪኑ አልተሰበረም፤ ባትሪውም ደህና ይውላል፤ በካሜራው ጓደኞቿ ይቀናሉ። የመጣችው የመሥሪያ ቤቷ ኢሜይል «ይህ ስልክ ያረጀ ነው» ብሎ አላስገባ ስላላት ነው።

«አፕዴት አድርጊ አሉኝ። ስነካው ደግሞ ሶፍትዌርሽ የመጨረሻው ነው ይለኛል። የቱን ልመን?»

ጠጋኙ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ እስከ ታች ወረደ። «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ከሚለው ገጽ አንድ መስመር በጥፍሩ ጫፍ አሳያት። «አንድሮይድ ሴኪዩሪቲ ፓች ሌቭል» ይላል። ከሥሩ ያለው ቀን ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ የስልክሽ ትክክለኛ ዕድሜ ይሄ ነው።»

## መጨረሻው 1 ወይም 5 የሆነ ቀን

ያ ቀን ስልኩ የተሠራበት ወይም የተገዛበት አይደለም። የአንድሮይድ ባለቤት ጎግል የሚያውቃቸውን የደህንነት ሽንቁሮች ስልኩ እስከ መቼ ድረስ እንደደፈነ የሚናገር ማኅተም ነው። የክትባት ካርድ ላይ እንዳለው ቀን ብንወስደው ብዙ አንሳሳትም።

ማኅተሙ እንዲኖር ምክንያት የሆነው እ.ኤ.አ. የ2015 ክረምት ነው። ጆሹዋ ድሬክ የተባለ ተመራማሪ ስቴጅፍራይት በሚባለው የአንድሮይድ ክፍል ውስጥ አደገኛ ክፍተት ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ስቴጅፍራይት ቪዲዮና ድምፅ የሚያጫውተው ክፍል ነው። ለሌባው የሚያስፈልገው የሰውየው ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የተመረዘ የቪዲዮ መልእክት ይልካል፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ስልኩ ሊያዝ ይችላል። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት የአንድሮይድ ስልኮች አብዛኞቹ ለዚህ የተጋለጡ ነበሩ። ጎግል በዚያው ነሐሴ የራሱን የኔክሰስ ስልኮች በየወሩ ማደስ ጀመረ። ሳምሰንግና ኤልጂም እንዲሁ እናደርጋለን አሉ።

ቀኑን አስተውሎ ያየ ሰው መጨረሻው አንድም 1፣ አንድም 5 መሆኑን ያገኛል። መጨረሻው 1 ከሆነ የአንድሮይድ የራሱ ሽንቁሮች ተደፍነዋል ማለት ነው። 5 ከሆነ ደግሞ ከዚያ በተጨማሪ እንደ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ያሉ ቺፕ ሠሪዎች ያመጡት ጥገና ገብቷል። እንግዲህ አንድ አሃዝ ብቻ ናት፤ ነገር ግን ስልኩን ያደሰው ሰው ሥራውን እስከ የት እንዳደረሰ ትናገራለች።

አንድ ነገር ግን ሳይባል መቅረት የለበትም። መድኃኒቱ ራሱ የበሽታው አድራሻ ነው። ጎግል ጥገናውን ለአምራቾች ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በሚስጥር ያሳውቃል። ጊዜው ሲደርስ ግን መግለጫው ይወጣል፣ የተስተካከለውም ኮድ ለዓለም ይከፈታል። አሮጌውን ኮድ ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ባለሙያ ሽንቁሩ የት እንደነበር ያውቃል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያላደሰ ስልክ የያዘ ሰው፣ አጥሩ በየት በኩል እንደተቀደደ በሰፈር ድምፅ ማጉያ የተነገረበት ሰው ነው።

> መድኃኒቱ ራሱ የበሽታው አድራሻ ነው።

## ጥገናው የሚያልፍባቸው እጆች

«ጎግል ጠግኖታል አይደል? ታዲያ እኔ ጋ ለምን አይደርስም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ስልኩ የብዙዎች እጅ ሥራ በመሆኑ ላይ ነው። ጎግል የደፈነውን ቺፕ ሠሪው ለራሱ ቺፕ ያስማማዋል። አምራቹ የራሱን ቀለም በቀባው አንድሮይድ ላይ ያስገባዋል፤ ለእያንዳንዱ ሞዴል ለየብቻ ይሞክረዋል። ከዚያ ስልኩን የሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ በበኩሉ «ኔትወርኬ ላይ እክል አይፈጥርም ወይ?» ብሎ ይፈትሸዋል። ከእነዚህ አንዱ ቸል ካለ ወይም ከረሳ ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል።

ጎግል ይህን ለማሳጠር ሁለት ጊዜ ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር በመጣው ትሬብል የአንድሮይድን አካል ከቺፕ ሠሪው ክፍል ለየ። በ2019 ደግሞ ከአንድሮይድ 10 ጋር ሜይንላይን መጣና አንዳንድ ክፍሎች አምራቹን ሳይጠብቁ በፕሌይ ስቶር በኩል እንዲታደሱ አደረገ። ሁለቱም ረድተዋል። የሰንሰለቱ ትልቁ ክፍል ግን አሁንም በእጅ የሚገፋ ጋሪ ነው።

አይፎን የያዘ አንባቢ እስካሁን የጻፍኩትን በትንሽ ኩራት አንብቦት ሊሆን ይችላል። እውነቱን ነው፤ አፕል ስልኩንም ሶፍትዌሩንም ራሱ ስለሚሠራ ሎክ ላለውም ለሌለውም ማደሻውን በአንድ ቀን ይለቃል። ነገር ግን በየካፌው ጠረጴዛ ላይ ስክሪኑን ወደ ታች አድርጎ የሚያስቀምጠው አይፎን 7 ከሆነ፣ ያ ስልክ አይኦኤስ 15 ላይ ከቆመ ሰነባብቷል።

## «ሎክ አለው?»

የአሜሪካ ኔትወርኮች ስልክን እንደ ፍሪጅ በየወሩ ክፍያ ሲሸጡ ኖረዋል። ዕዳው እስኪያልቅ ስልኩ የሌላ ድርጅት ሲም እንዳይቀበል ይቆለፋል። ደንበኞች ስልካቸውን እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ነው። ሌሎች ደግሞ ከመጀመሪያውም ሎክ የሌለውን በሙሉ ዋጋ ይገዛሉ። አንዱ ምክንያታቸው ከኔትወርኩ ጓዝ ነፃ መሆን ነው፤ አርማው፣ የማይጠፋው አፕ፣ ማደሻን የሚያጓትተው ፍተሻ።

የማጓተቱ ክስም ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ማኅበር ኤሲኤልዩ አራቱን ትልልቅ ኔትወርኮች ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከስሷቸው ነበር። ያልታደሱ የአንድሮይድ ስልኮችን እየሸጡ ደንበኛውን ስለ አደጋው አላስጠነቀቁም የሚል ነበር አቤቱታው። ታዲያ ከእነሱ የሸሸ ሰው ማደሻውን ቶሎ ማግኘት አልነበረበትም?

የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2018 አንድሮይድ 8 ለጋላክሲ ኤስ8 ሲለቀቅ፣ በአራቱ የአሜሪካ ኔትወርኮች የተሸጡት ስልኮች ቀድመው አገኙት። ሙሉ ዋጋ ተከፍሎባቸው ያለ ሎክ የተገዙት እነዚያው ስልኮች ግን ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመው ነበር። የገዢዎቹን ብስጭት መገመት አያስቸግርም። ቁልፍ እንዳይኖርበት የበለጠ የከፈለ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል!

ምክንያቱ ሲመረመር ግን ምሥጢር አይደለም። አምራቹ በአሜሪካ ትልቁ ደንበኛው ስልኩን በኪሱ የያዘው ሰው አይደለም፤ በብዙ ሺህ የሚያዝዘው ኔትወርክ ነው። ኔትወርኩ ሲዘገይበት የሚደውልበት ቁጥር አለው፣ የሚያስፈርምበትም ውል አለው። ሎክ የሌለው ስልክ ግን የሁሉንም ኔትወርኮች ቅንብር በሆዱ ስለሚይዝ በሁሉም ላይ መፈተሽ አለበት። ሲዘገይ የሚጮኽለት ግን የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ይህ ስልክ ደግሞ ገዢ እንጂ ባለቤት የለውም።

> ቁልፍ እንዳይኖርበት የበለጠ የከፈለ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የመገናኛዋ ወጣት ስልክ ከሁለቱም የባሰ ነው። መጀመሪያ ኔትወርክ የሸጠው ነበር፣ ኋላ ሎኩ ተከፈተ። ሲሙ ነፃ ወጣ፤ ሶፍትዌሩ ግን ያው የኔትወርኩ ሆኖ ቀረ። አንዳንድ ኔትወርኮች ማደሻውን የሚልኩት የራሳቸው ሲም ለገባበት ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማያውቀው ሲም ጋር አዲስ አበባ ተቀምጦ የቀድሞ ጌታውን ሲጠብቅ ቆየ። «ሶፍትዌርሽ የመጨረሻው ነው» ያላትም እየዋሸ አይደለም። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ እውነቱን ነው።

ከዱባይ የመጣው ስልክ ታሪኩ ይለያል። ጠጋኙ በሳምሰንጎቹ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 1234፣ መሰላል ብሎ ሲጽፍ ሦስት መስመር ይወጣለታል። ሦስተኛው ውስጥ ስልኩ ለየትኛው ገበያ እንደተዘጋጀ የሚናገር ኮድ አለ። የዐረብ አገሩንና ሎክ የሌለውን የአሜሪካ በፊደላቱ ይለያቸዋል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች እህቶቻችን ይዘውት የሚመጡት ስልክ ብዙውን ጊዜ የኔትወርክ ባሪያ ስላልሆነ ማደሻው በዋይፋይ ሲያገኝ ይወርዳል። የተለቀቀበት ቀን ግን በዚያው ኮድ ይወሰናል፤ አንድ ዓይነት ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ታድሶ ሌላው የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

## ሁሉም ክፍት በሆነበት ገበያ

እኛ አገር «አንሎክ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው ለዘመድ ስልክ ብቻ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ስልክ ድሮም ክፍት ነው፤ ሁለት ሲም ይቀበላል፣ የማንም ኔትወርክ ውል የለበትም። ይህ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ማደሻው ሲቀር ማንን እንጠይቅ? ሻጩ «አምራቹን» ይላል። የአምራቹ ወኪል ስክሪንና ባትሪ ይቀይራል። ቴሌኮሙ ሲም ነው የሸጠው።

የዚህን ዋጋ አንድ ጊዜ በግልጽ አይተነዋል። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል፤ ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚያወጣው እሱ ነው። በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ ድርጅት ያካሄደውና በባዝፊድ የተዘገበ ምርመራ፣ ቴክኖ ደብልዩ2 በሚባለው ርካሽ ሞዴል ውስጥ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ከሱቅ ሳይወጡ በፊት ገብተው መገኘታቸውን ገለጠ። ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎቶችን ይመዘግቡና ካርዱንና ዳታውን ይበሉታል። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ቢመልሱትም ኤክስሄልፐር ተመልሶ ይመጣል።

ኩባንያው ጥፋቱን ስሙን ባልጠቀሰው አቅራቢ ላይ ጣለ። ጉዳዩ የቆየ እንደሆነና ማስተካከያው በመጋቢት 2018 መውጣቱንም ተናገረ፤ ችግር ያለበት ሰው አፕዴቱን ያውርድ አለ። መልሱን ሳነበው ግራ ገባኝ። ያ ስልክ የተገዛው ርካሽ ስለሆነ ነው። የገዛው ሰው ዳታ የሚሞላው በቀን ጥቅል ነው። ካርዱን የሚበላውን ተባይ ለማስወጣት መጀመሪያ ካርድ መሙላት አለበት ማለት ነው።

እኛስ? በዚህ በኩል ንጹሕ አይደለንም። «ዳታ ይበላል» ብለን ራሱ እንዳይታደስ የምናጠፋው እኛው ነን። አፕ ከፕሌይ ስቶር ከማውረድ በቴሌግራም ወይም በዜንደር ከሰው ስልክ መቀበል ይቀለናል። ይህን ጽሑፍ ስጀምር የራሴን ቀን አየሁት፤ አሥራ አንድ ወር። ማደሻው ወርዶ ተቀምጦ «አሁን ልጫን?» እያለ ሲጠይቀኝ «በኋላ» እያልኩት ነው የከረምኩት።

ስልክ የሚደወልበት ብቻ በነበረ ጊዜ ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ነበር። ቴሌብር ከመጣበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ደመወዝም፣ የቤት ኪራይም፣ የዕድር መዋጮም በዚያች መስታወት ውስጥ ያልፋል። የአንድ ባንክ የሶፍትዌር ባለሙያ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው አጭበርባሪ ደዋይ እንደሆነ ነገረኝ፤ የምሥጢር ቁጥሩን ሰው በአፉ ይሰጣል። ስለ አሮጌ ስልኮች ስጠይቀው ግን ትንሽ ዝም አለ። «ደንበኛው በምን እንደሚገባ መምረጥ አንችልም» አለ። «አሮጌውን ሁሉ ብንዘጋ ስንቱ ይቀራል?»

## ሌላኛው መክፈቻ

ስልክ መክፈት ሲባል ሁለተኛ ትርጉም አለው። ቡትሎደር የሚባለውን፣ ስልኩ ሲነሣ «የአምራቹ ፊርማ አለበት ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውን ዘበኛ ማስወገድ ነው። አምራቹ የተዋቸውን ስልኮች በዚህ መንገድ የሚያድኑ ወጣቶች አሉ። በፈቃደኞች የሚሠራውን ሊኒጅ ኦኤስን ይጭኑና አምራቹ ከረሳው ዓመታት ያለፈው ስልክ የዚህን ወር ቀን ያወጣል።

አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እንዲህ ያደሰውን ስልኩን አሳየኝ። ቀኑ ከእኔ ይልቅ በብዙ የቀረበ ነው። አንዱን የባንክ አፕ ሲነካው ግን «ይህ መሣሪያ የታመነ አይደለም» ብሎ ዘጋበት። ብዙ የባንክ አፖች የሚጠይቁት የስልኩ ሶፍትዌር የአምራቹ መሆኑን እንጂ መታደሱን አይደለም። በሽንቁር የተሞላ የፋብሪካ ስልክ ይገባል፤ የተደፈነው ውጭ ይቀራል። ተማሪው ሳቀ። «የኔን መታወቂያ አዩት፣ ጤናዬን አልጠየቁም» አለ።

ቀኑም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። በ2018 ሴኪዩሪቲ ሪሰርች ላብስ የተባለው የጀርመን ቡድን የብዙ አምራቾችን ስልኮች አንድ በአንድ መርምሮ፣ አንዳንዶቹ ቀኑን ወደፊት ሲገፉ ጥገናውን ግን በከፊል እንደዘለሉት አገኘ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ።

## ሕጉ የሚደርስበትና የማይደርስበት

በኔዘርላንድስ የሸማቾች ማኅበር ሳምሰንግን ማደሻ አዘገየ ብሎ በ2016 ፍርድ ቤት አቆመው፤ በ2018 ግን ማኅበሩ ተረታ። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ መርምሮ ሪፖርት ጻፈ። ጥርስ ያለው ነገር የመጣው ከአውሮፓ ኅብረት ነው። ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚገባ ስልክ፣ ሞዴሉ መሸጡ ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት ማደሻ ሊያገኝ ይገባል። የደህንነት ጥገና ኮዱ ከተለቀቀ በ4 ወር ውስጥ መድረስ አለበት። አራት ወር ረጅም ነው፤ ቢሆንም በሕግ የተጻፈ ገደብ ነው።

አምራቾችም መወዳደር ጀምረዋል። ጎግል በፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ቃል ገብተዋል። ለዘመድ ስልክ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ስሌቱ ግን በጥንቃቄ ይሠራ። ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው ሞዴሉ ከወጣበት ጊዜ እንጂ አክስት ሻንጣ ከዘጋችበት ቀን አይደለም። እሷ አራት ዓመት ይዛው ከቆየች እዚህ የሚደርሰው ሦስቱ ነው። ርካሾቹ ሞዴሎች፣ ማለትም አብዛኛው ሰው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛቸው፣ የዚህ ቃል ኪዳን ተካፋይ አይደሉም።

## አረንጓዴው ቃል

ጠጋኙ ለወጣቷ ሁለት ምርጫ ሰጣት፤ እንዲሁ መያዝ ወይም የኔትወርኩን ሶፍትዌር አውጥቶ የአምራቹን ሎክ የሌለው ስሪት መጫን። «ሁሉም ይጠፋል፤ ፎቶሽን አውጪ፣ የቴሌግራም ቁጥርሽንም አረጋግጪ» አላት። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል ሊያወርደው ተስማሙ።

በማግስቱ ስልኩ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዟል። ኦዲን የሚባለው ፕሮግራም ተከፍቷል፤ አራት ሣጥኖች፣ አራት ፋይሎች። ጠጋኙ አንዱን ሁለት ጊዜ አየው፤ ከስልኩ ያነሰ ስሪት ከሆነ አይቀበልም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከዚያ ተጫነው። ሰማያዊ መስመር ቀስ ብሎ ሞላ። ወጣቷ ቆማ ነበር፤ ትንፋሿን ይዛ እንደነበር ያወቅሁት «ፓስ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ሲበራ ነው።

ስልኩ ተነሣ። አርማው የለም። ጠጋኙ ወደ ታች ወርዶ ቀኑን አሳያት፤ ካለፈው ወር በፊት ያለው ወር፣ መጨረሻው 1።

«ከዚህ በኋላ ራሱ ይመጣል?»

«መምጣቱ ይመጣል። ከሌሎቹ ዘግየት ይላል እንጂ።»

«እስከ መቼ?»

ሞዴሉን በጣቱ ቆጠረ። «አንድ ዓመት ቢቀረው ነው።»

ከኋላዋ ሌላ ደንበኛ ቆሟል። በመስታወቱ ውስጥ የተደረደሩትን ያገለገሉ ስልኮች እያየ ነው። አንዱን አስወጣና አገላብጦ አየው፣ ካሜራውን ከፍቶ ጣሪያውን አነሣ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ጂቢ ነው?»

«አንድ ሃያ ስምንት።»

«ሎክ የለውም አይደል?»

«ክፍት ነው» አለ ጠጋኙ፣ ገመዱን እየጠቀለለ።